የግልገሎቹ መብራት

ተኚ እንግዲህ፣ ትላለች ለራሷ። ከጧቱ አራት ሰዓት ሆኗል። መጋረጃው ጥቁር ነው፣ ከእሱ ኋላ ሌላ ጥቁር መጋረጃ አለ፣ በበሩ ሥር እንኳ ብርሃን እንዳይሾልክ ላስቲክ ተለጥፎበታል፣ ኮሪደሩ ላይ «የሌሊት ሠራተኞች ተኝተዋል፣ በቀስታ ይራመዱ» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል፣ ሌሊቱን ሙሉ ተራራው ላይ ባለው ትልቁ የከዋክብት መነጽር ሰማይ ስትጠብቅ ያደረች ሴት ቀን እንድትተኛ ያልተደረገላት ነገር የለም፣ እሷ ግን ዓይኗ እንደፈጠጠ ነው። ሰኞ አልተኛችም፣ ማክሰኞ አልተኛችም፣ ረቡዕ አንድ ሰዓት ያህል አሸለበኝ መሰለኝ ብላለች፣ ዛሬ ሐሙስ ነው። ነገ ኮሚቴው ኬፕታውን ላይ ተሰብስቦ ስለ እሷ ይነጋገራል፣ ሳሁንድራ የምትባለው ማዳጋስካራዊት በሥራ ውሏ ላይ ሁለት ዓመት ይጨመርላት ወይስ ሻንጣዋን ትሸክፍ። ይጨመርላታል። አለቃዋ ዶክተር ሞሌፌ ራሱ እሑድ ደውሎ «አንቺ ደግሞ ምን ያስጨንቅሻል፣ ጽሑፍሽን መጽሔቱ ተቀብሎታል፣ ከዚህ በላይ ምን ይደረግልሽ፣ በግ ይታረድልሽ እንዴ?» ብሏት ነበር። ሁለቱም ሳቁ። እሑድ ገና መሳቅ ትችል ነበር።

ጽሑፉ የሚለው ከባድ ነገር አይደለም፣ ለእናቷ እንኳ በስልክ አስረድታታለች። ኔኒ፣ አለቻት፣ እናቶቻቸውን እንደዚያ ነው የሚጠሩት፣ እንደ ፀሐይ ያለ ኮከብ ሲያረጅ በአንድ ጊዜ አይጠፋም፣ መጀመሪያ ልብሱን ያወልቃል፣ የላይ የላዩን ጋዝ እየገፈፈ ወደ ውጭ ይለቀዋል፣ የተለቀቀው ጋዝ ክብ ደመና ይሆንና በአረንጓዴ ብርሃን ያበራል። ፕላኔታዊ ኔቡላ ይሉታል፣ ከፕላኔት ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም፣ ድሮ በትናንሽ መነጽሮች ያዩት ሰዎች ክብነቱ አሳስቷቸው ያወጡለት ስም ነው፣ ስህተቱ ታውቆም ስሙ አልተነሣም። ኮከቡ ሲወለድ በሰፈሩ የነበረው ኦክስጅን በዚያ ደመና ውስጥ አለ፣ ስለዚህ ብርሃኑን መስመር በመስመር ብንዘረዝረው ያ ሰፈር በዚያ ዘመን ምን ያህል ኦክስጅን እንደነበረው ይነግረናል። ከጋላክሲው መሀል ተነሥተን እስከ ጠርዙ ያሉትን ሟቾች አንድ በአንድ ብንጠይቃቸው የአገሩን ሁሉ ታሪክ እናውቃለን፣ ገባሽ? እናቷ ከአንትሲራቤ፣ ዶሮ ከኋላዋ እየጮኸ፣ እስከ መጨረሻው ሰምታ «እና ልብሱን ካወለቀ በኋላ መልሶ የሚያለብሰው ዘመድ የለውም?» ብላ ጠየቀች። የለውም ኔኒ። «ምስኪን» አለች እናቷ፣ ከልቧ አዝና።

ሳሁንድራ ሃያ አንድ ሟቾች ጠይቃለች። ወደ እኛ እየቀረበች የምትመጣ አንዲት ትንሽ ጋላክሲ አለች፣ በዚያች ውስጥ ከመሀል እስከ ዳር ሃያ አንድ ኔቡላ ለክታለች፣ ዳር ላይ ያሉት ሦስቱ ግን ማንም ያልጠበቀውን መልስ ሰጡ፣ ኦክስጅን ከነአካቴው የላቸውም ለማለት ምንም አይቀራቸውም። ስለዚህ ጽሑፉ በትንሿ ጋላክሲ ጠርዝ ላይ ኦክስጅን ያልነካው ጋዝ ከውጭ እየገባ ነው ይላል፣ ማንም ካሁን በፊት ያላየውን። ሦስት ኔቡላ። በሦስት ኔቡላ ነው ስሟ የተነሣው። አሁን ጨለማው ውስጥ ጣሪያው ላይ ሦስቱን ታያቸዋለች፣ ዓይኗን ብትጨፍንም ታያቸዋለች፣ ወደ ግድግዳው ብትዞርም እዚያው ናቸው።

ሰኞ ጧት ምን ነበር ወጥ ቤት ያስገባሽ? ቀጥ ብለሽ ብትተኚ ኖሮ አትሰሚም ነበር። ግን ከሥራ ስትመለስ ሁልጊዜ ሩዝ ትቀቅላለች፣ የድስቱ ሥር እስኪያር ትጠብቃለች፣ ያረረው ላይ ውሃ ጨምራ አፍልታ ትጠጣዋለች፣ አገሯ ያለሱ ምግብ በልተናል አይሉም። የማረፊያውን ወጥ ቤት የምትመራው ታኒ ካትሪና ናት፣ እዚህ አገር ትልልቅ ሴቶችን ሁሉ ታኒ ይሏቸዋል፣ ስድሳ ዓመት አልፏታል፣ ባሏ ዳቪድ ከሞተ ወዲህ ከተራራው ሥር ባለው ቤቷ አርባ በጎቿን ብቻዋን ትጠብቃለች። ሽታው ገና ኮሪደር ላይ ተቀበላት መሰል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ገባች።

«ድስቴን ዛሬም አሳረርሽው?»

«ታኒ፣ ሆን ብዬ ነው እኮ፣ እኛ አገር ያረረው ላይ ውሃ ...»

«እናንተ አገር፣ እናንተ አገር! እናንተ አገር ድስት የሚፈገፍገው ማነው?»

«እኔ እፈገፍገዋለሁ።»

«ተይው፣ አንቺ ኮከብሽን ፈግፍጊ።» እያዛጋች ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እኔም እንዳንቺ የሌሊት ሠራተኛ ሆኜልሻለሁ። በጎቼ መውለድ ጀምረዋል፣ ቀበሮዋ ደግሞ ሽታው ደርሷታል። ከቅዳሜ ጀምሮ የዳቪድን መብራት አውጥቼ ሰቅያለሁ።»

«የቱን መብራት?»

«ያን ትልቁን ነዋ፣ መንገድ ሥራ ሲሠራ ያመጣውን። መጀመሪያ ሐምራዊ ሆኖ ይንተፋተፍና ቆይቶ ቆይቶ ነጭ የሚሆነውን። ከምሽቱ አራት እስከ አምስት ተኩል ብቻ ነው የማበራው፣ በዚያ ሰዓት ነው የምትመጣው ሌባዋ። አምናም አራት ሌሊት አብርቼው ነበር፣ ጎረቤቴ ፔትሩስ ወጥመድ ይዞልኝ እስኪመጣ፣ በዳቪድ ሙት ዓመት ሰሞን።» ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ! እኔ ደግሞ ለማን ነው የምናገረው! ዶክተርዬ፣ አልሰማሽም፣ እሺ? ፈርሜያለሁ እኮ።»

ሁሉም ፈርመዋል። ከተራራው ዙሪያ የሚኖር ሁሉ፣ በተለይ ደግሞ እዚህ የሚሠራ፣ የመነጽሩን ሰማይ እንዳያበላሽ ወደ ላይ የሚረጭ መብራት ላይሰቅል ፈርሟል፣ አፍርሶ የተገኘ እንጀራው ይቀራል። «አልሰማሁም ታኒ» አለች ሳሁንድራ፣ እውነቷን ነበር ለማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም ጆሮዋ የዳቪድ ሙት ዓመት ላይ ቆሞ ቀርቷል፣ አምና በዚያን ቀን ታኒ ካትሪናን አጽናንታታለች፣ ብስኩት እየበሉ ቀይ ሻይ አብረው ጠጥተዋል፣ ማታ ደግሞ ወደ መነጽሩ ወጥታ ከሦስቱ የመጀመሪያውን ለክታለች። ኦገስት ሃያ ሰባት። መዝገቡን ማየት አላስፈለጋትም። አየችው ግን። ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሦስቱም ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ፣ ስስ ደመና ነበረ ብላ በራሷ እጅ ጽፋለች።

የሙያው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ወጥመድ ነው፣ ይኼ ነው የሚያቃጥለው፣ ለተማሪዎች ራሷ አስተምራዋለች። የኔቡላው ኦክስጅን የሚታወቀው የጋዙ ሙቀት ከታወቀ ብቻ ነው፣ ሙቀቱን የምትናገረው ደግሞ አንዲት ደካማ ሰማያዊ መስመር ናት፣ ከጎኗ የሜርኩሪ መብራት፣ ያ ሐምራዊ ሆኖ ጀምሮ ነጭ የሚሆነው የዳቪድ ዓይነት፣ የሚጥለው መስመር አለ፣ ጋላክሲዋ ወደ እኛ ስለምትመጣ ደግሞ ብርሃኗ ትንሽ ሸርተት ይላል፣ ሸርተት ብሎ የሚሄደው እዚያው የሜርኩሪው መስመር ላይ ነው። ሁለቱ ከተደራረቡ ጋዙ ከሆነው በላይ ትኩስ ይመስላል፣ ትኩስ ከመሰለ ኦክስጅኑ የሌለ ይመስላል። ለዚህ መድኃኒቱ ባዶውን ሰማይ ለብቻ አንሥቶ መቀነስ ነው፣ እሷም አንሥታለች፣ ቀንሳለች፣ ባዶውን ሰማይ ያነሣችው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ታኒ ካትሪና መብራቷን አጥፍታ ከተኛች በኋላ ነው። ይኼን ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም ነበር። የሜርኩሪ መብራት ግን ብቻውን አይመጣም፣ አረንጓዴ ጓደኛ አለው፣ አረንጓዴው ካለ እሱም አለ። ሰኞ ቀትር ላይ ጥሬ ምስሎቹን ከፍታ አረንጓዴው ያለበትን ቦታ ፈለገች፣ ባላገኘው ብላ እየለመነች፣ ማንን እንደምትለምን ሳታውቅ። ነበረ። ትንሽ፣ ቀጭን፣ ሦስቱም ላይ።

ከዚህ የባሰው መጣ። ቦታውን ስታየው ታውቀዋለች። አምና አይታዋለች። ከጠፈር የሚመጡ ቅንጣቶች አንዳንዴ ካሜራውን ይመቱና ነጭ ነጥብ ይጥላሉ፣ እነሱን መሰረዝ የዘወትር ሥራ ነው፣ ይኼንንም ቅንጣት ነው ብላ በጣቷ ነክታ ሰርዛዋለች፣ ሻይዋን በሌላ እጇ ይዛ። አንዴ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። ቅንጣት ሦስት ሌሊት ተመላልሶ አንድ ቦታ አይመታም፣ ይኼን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም። አላየሁም ነበር? አይቻለሁ። አልገባኝም ነበር? ደክሞኝ ነበር። ደክሞሽ ነበር ወይስ ደስ ብሎሽ ነበር? ቁጥሩ እየወረደ ሲመጣ ልቧ እንዴት እንደዘለለ ታስታውሳለች፣ ተነሥታ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረችው፣ ብቻዋን ጨፈረች ማለት ይቻላል። ሰው ደስ ሲለው አንድ አረንጓዴ ጭረት አይጠይቅም።

ዝም በይ ይላታል አንድ ድምፅ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ይኼው ነው። ማን ይከፍተዋል ጥሬውን? ወደፊት ሌላ ሰው በሌላ መነጽር ይለካዋል፣ ሙቀቱ ልክ አልነበረም ይላል፣ አንቺም አዎ፣ መሣሪያችን ደካማ ነበር ትያለሽ፣ ማንም አይሰቀልም። ደግሞስ ብትናገሪ የምትጎዳው ታኒ ካትሪና አይደለችም? የት ነው የበራው ይላሉ፣ ማነው ያበራው ይላሉ፣ የስድሳ ምናምን ዓመት ሴትዮ በአንቺ የተነሣ ሥራዋን ታጣለች፣ ድስቷን እያሳረርሽባት ዝም ያለችሽ ሴት። ይኼን ሲላት ሳሁንድራ ትንሽ ትረጋጋለች፣ ደግ ሰው የሆነች ይመስላታል፣ ትራሷን ትገለብጣለች፣ ቀዝቃዛው ገጽ ላይ ጉንጯን ታደርጋለች። ወዲያው ደግሞ ታኒ ካትሪና መች ለመነችሽ ትላለች፣ ሴትዮዋን ከፊትሽ አቁመሽ ከኋላዋ የምትደበቂው አንቺ ነሽ።

አምስት ዓመት ሆኖታል አባቷ ከሞተ። ያኔም ክፍል ውስጥ ነበረች፣ ኬፕታውን፣ ማታ አልነበረም፣ ቀን ነው፣ ስልኩ ይጮኻል፣ እናቷ ቅሪ አትላትም፣ ነይ ነው የምትላት። የመኖሪያ ፈቃዷ እየታደሰ ነው። ማመልከቻ ካስገቡ በኋላ መልሱ ሳይመጣ ከአገር የወጣ ሰው መመለስ አይችልም፣ የኢሚግሬሽን ቢሮው መስኮት ላይ ያለችው ሴት ፊቷን ሳታነሣ ሁለት ጊዜ ነገረቻት፣ አባቴ ሞቷል ብትላት እንኳ «አዝናለሁ፣ ደንቡ ግን እሱ ነው» ብላ የሚቀጥለውን ቁጥር ጠራች። አልሄደችም። መልሱ በሰባት ወሩ መጣ። አባቷ ከብት ከታቢ ነበር፣ በረዶ የታጨቀበት ሣጥን በትከሻው አንግቶ ከመንደር መንደር የሚዞር፣ አርባ መንደር፣ የትኛው ቤት ስንት በሬ እንዳለ በቃሉ የሚያውቅ። ምንም ነገር ብትነግረው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ወንዝ ሞላ ስትለው «ስንቱ ተረፈ?» ሬዲዮው ማዕበል መታ ሲል «ስንቱ ተረፈ?» ፈተና ወደቅን ብላ ስታለቅስ እንኳ ከክፍሉ ልጅ «ስንቱ ተረፈ?» ብሎ አናዷት ነበር።

ስልኩ ይንቀጠቀጣል። ቀትር ሆኗል ማለት ነው፣ እናቷ ከቤተ ክርስቲያን ማኅበሯ ስትመለስ ነው የምትደውለው፣ የልጇ ቀን ሌሊት መሆኑን አምስት ጊዜ ተነግሯት አምስት ጊዜ ረስታለች።

«ተኝተሻል?»

«አልተኛሁም ኔኒ።»

«ጎሽ። ቀኑ ተቆረጠ። ኮከብ ቆጣሪው ሴፕቴምበር አሥራ ሁለት ብሏል፣ ከዚያ ውጪ እስከ መጪው ዓመት ጥሩ ቀን የለም አለ። አንቺም ከዋክብት ነሽ የምትቆጥሪው ይሉኛል ጎረቤቶቹ፣ እሷ ግን ቀን መቁጠር አልሆነላትም እላቸዋለሁ።» ሳቀች፣ ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «አባትሽ ትናንትም በሕልሜ መጣ። በረደኝ ይላል። ሐሩን ገዝቻለሁ፣ ሁለት ድርብ ነው፣ ጥሩ ሐር።»

በእሷ አገር ሰው ከሞተ ከዓመታት በኋላ መቃብሩ ተከፍቶ ሟቹ ይወጣል፣ አዲስ ሐር ይለብሳል፣ ልጆቹ በትከሻቸው ተሸክመው ሙዚቃ እያስመቱ ይዞሩታል፣ እየዞሩም ወሬ ይነግሩታል፣ ማን እንዳገባ፣ ማን ቤት እንደሠራ፣ እህሉ እንዴት እንደነበረ። ሁሉም ልጅ ለየራሱ ይነግረዋል። ሳሁንድራ ልጅ ሳለች አያቷን ተሸክማ ከክፍሏ አንደኛ መውጣቷን ነግራቸዋለች፣ ሁለተኛ ነበረች የወጣችው፣ ወዲያው አልቅሳ አስተካክላለች።

«ኔኒ፣ ነገ ስብሰባቸው ነው። ከፈቀዱልኝ ማመልከቻው ወዲያው ይገባል፣ ከገባ ደግሞ ...»

«መውጣት አይቻልም።»

«አይቻልም።»

«ባለፈውም ይኼንኑ ነው ያልሽኝ።» የዶሮዎቹ ጩኸት ይሰማል። «ያኔ ስንገንዘው በጆሮው ምን እንዳልኩት ነግሬሽ አላውቅም። ሳሁንድራ ያልመጣችው ትልቅ ነገር አግኝታ ነው፣ ስትመጣ ራሷ ትነግርሃለች አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ? ወረቀት ከለከላት ልበለው? ይኸው አምስት ዓመት ይጠብቃል። ካልመጣሽ ያገኘሽውን ለእኔ ንገሪኝና እኔው ልንገረው። ብቻ አጣርተሽ ንገሪኝ የኔ ልጅ፣ እሱ ፊት አፌ እንዳይያዝ።»

አፏን ከፈተች። ዳር ላይ ያሉት ሦስቱ ሟቾች፣ ልትል ነው፣ ኦክስጅን የላቸውም በይው፣ ከውጭ አዲስ ጋዝ እየገባ ነው በይው። ለመጽሔቱ ብላዋለች፣ ለሞሌፌ ብላዋለች፣ ነገ ኮሚቴው ይለዋል፣ በእናቷ አፍ ወደ አባቷ ጆሮ እንዲሄድ ግን አልወጣም አላት። «እደውልልሻለሁ ኔኒ» አለች። «እንቅልፍሽን ተኚ» አለች እናቷ፣ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ለአንዷ ዶሮ እሽ ስትል ተሰማ።

ልብ አርጊ እንግዲህ፣ ትላለች ሳሁንድራ፣ ተቀምጣ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ ብትናገሪ ማራዘሚያው ይቀራል፣ ከቀረ ማመልከቻ የለም፣ ማመልከቻ ከሌለ ሴፕቴምበር አሥራ ሁለት አንትሲራቤ ነሽ። ይኼን ሳታስብ ነው እውነቱ ትዝ ያለሽ? ወይስ ቤትሽ ናፍቆሽ ነው ሕሊና ያወጣሽው? ሦስት ቀን ዝም ያልሽው ለመቅረት ነበር፣ አሁን የምትናገሪው ለመሄድ ከሆነ የቱ ላይ ነው ሐቁ? አታውቀውም። እውነት ለመናገር ንጹሕ ልብ እስኪኖራት ብትጠብቅ ነገ ያልፋል። ብትሄድ ደግሞ ለዘለዓለም ነው፣ ከዚህ ተራራ ወዲያ እንዲህ ያለ መነጽር አታገኝም፣ አንትሲራቤ ሄዳ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ታስተምራለች፣ ሃያ አንዱን ኔቡላዎች እንደ ድሮ ጎረቤት ታስባቸዋለች። ስድስት ዓመት የለፋችበት ነው። እንዳታለቅስ ጥርሷን ነከሰች፣ ግን አለቀሰች።

ላፕቶፑን ስትከፍት ክፍሉ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በራ። «ዶክተር ሞሌፌ፣ ዳር ላይ ያሉት የሦስቱ ኔቡላዎች ሙቀት ልክ አይደለም። በእነዚያ ሌሊቶች ከተራራው ሥር የበራ የሜርኩሪ መብራት መስመራችን ላይ ተደርቧል። አረንጓዴው መስመር ምስሉ ላይ ነበረ፣ ሦስት ጊዜ በእጄ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። መብራቱ የማን እንደሆነ አልጽፍም፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደማይበራ ግን ኃላፊነቱን እወስዳለሁ። ጽሑፉን ከመጽሔቱ እንዳነሣው ይፍቀዱልኝ። ከነገው ስብሰባ በፊት እንዲያውቁት ብዬ ነው።» ስድስት ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ላከችው። ከዚያ ራባት።

መልሱ ከሩብ ሰዓት በኋላ መጣ። «ደረሰኝ። ምስሎቹንም አየኋቸው፣ ልክ ነሽ። ያለ ጽሑፉ ማራዘሚያው እንደማይሳካ ታውቂያለሽ አይደል?» አውቃለሁ ብላ ጻፈች። ላፕቶፑን ዘጋችው።

ተጋደመች። አሁንስ ተኚ። ግን ለአባቷ ምን እንደምትነግረው መለማመድ ጀመረች፣ ሐር ለብሷል፣ ቀላል ነው፣ ከዚያ ሁሉ ሰውዬ የቀረው ቀላል ነው፣ ግራ ትከሻዋ ላይ አለ፣ ክላርኔቱ ይጮኻል፣ አቧራው ይነሣል። ዳዳ፣ ትለዋለች አባቷን፣ ትልቅ ነገር አግኝታለች ያሉህ ውሸት ነው፣ የሞቱ ከዋክብት ስለካ አንድ ባሏ የሞተባት ሴት በጎቿ ሲወልዱ ያበራችውን መብራት ከኮከብ ጋር ቀላቅዬ ቆጠርኩት፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ አመነኝ፣ ያገኘሁት መብራት ነው ዳዳ፣ ቀበሮ ማባረሪያ። እና ጆሮዋን ወደ ሐሩ ታዘነብላለች፣ ምን እንደሚላት ደግሞ ታውቃለች፣ ሌላ ነገር ብሎ አያውቅም። ስንቱ ተረፈ?

ብድግ አለች። ሦስት ቀን፣ ሰባ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ስለዚያ መብራት ያላሰበችው ነገር የለም፣ ከስንት ርቀት እንደበራ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ደመናው ምን ያህል መልሶ እንደረጨው፣ ይኼን ግን አልጠየቀችም። በካልሲዋ ኮሪደሩን ሮጠችበት፣ ጽሑፉ በቀስታ ይራመዱ ይላል፣ የወጥ ቤቱን በር ስትከፍተው የቀኑ ብርሃን ዓይኗን መታው። ታኒ ካትሪና ድንች እየላጠች ነው። የሳሁንድራን ፊት ስታይ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ደረሱብኝ?»

«አልደረሱብዎትም። ያን አምፖል ግን ዛሬ እንዳያበሩት ታኒ፣ ቢጫ የሆነ፣ ወደ ላይ እንዳይረጭ ቆብ ያለው መብራት መጋዘን ውስጥ አለ፣ አስፈቅጄ ራሴ መጥቼ እሰቅልልዎታለሁ። አምና፣ በእነዚያ አራት ሌሊቶች፣ ስንት ግልገል ተወለደ?»

«አምና?» ታኒ ካትሪና እርጥብ ጣቶቿን እያጠፈች ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «አሥራ አንድ።»

«ስንቱ ተረፈ?»

«ሁለቱን ብርዱ ወሰዳቸው። ቀበሮዋ ግን አንድም አልነካችብኝም። ዘጠኝ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሴትዮ!» አለች ታኒ ካትሪና ተቆጥታ፣ «በእጄ ነው ያቀፍኳቸው፣ አንድ በአንድ! ምን ሆነሽ ነው? አልተኛሽም እንዴ?»

ክፍሏ ተመልሳ መዝገቧን አወጣች፣ ሐሙስ የሚለው ሥር ጻፈችው። በሙያዋ ቁጥር ሁሉ ጭራ አለው፣ ይኼን ያህል ቢጨመር፣ ይኼን ያህል ቢቀነስ ተብሎ ከጎኑ ይጻፋል፣ ያለዚያ ቁጥር አይባልም፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ጭራ የሌለው ቁጥር ጽፋ አታውቅም። ዘጠኝ ብላ ጻፈች። ብዕሯን እንደያዘች ከጎኑ ምን እንደምትጨምር ጠበቀች፣ የሚጨመር አልነበረም።